የሐረጎው አርበኛ

እስቲ ዛሬ ለራሴ ላጨብጭብ። ሌላ ሰው የሚያጨበጭብልኝ አልመሰለኝም።

ቤት ውስጥ እኮ ዝንብ የማልነካ ሰው ነኝ። ቡናው ቢቀጥን «አብሽሪ፣ ይጥማል» ብዬ የምጠጣ የወሎ ልጅ። ሞተር ሳስነሳ ግን መሪው ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ደሴ ፒያሳ ላይ ከፊቴ ያለው ባጃጅ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው ሊያወርድ ሲቆም፣ ገና እግራቸው መሬት ሳይነካ የእኔ ክላክስ የጦሳን ተራራ ነክቶ ይመለሳል። ክላክስ የጉልበት ሕመም እንደሚፈውስ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። ቁጡ ሾፌር እንዳትሉኝ ደግሞ፤ ቁጡዎቹ ሌሎቹ ናቸው፣ እኔ መብቴን ነው የማስከብረው።

ችሎታዬ የሚታየው ሐረጎ ላይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፣ ኩርባ በኩርባ። ፈሪ ሾፌር ፍሬኑ እንዳይግል ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይዟት ይወርዳል። እኔ? በፎሌ፣ ማርሹን አውጥቼ! ጉም ሲወርድ ደግሞ ረጅም መብራት አበራለሁ። ብርሃኑ ጉሙን መትቶ ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ መንገዱ አይታየኝም፤ እኔ ግን ደምቄያለሁ።

አይሱዙ ቀደመኝ ማለት አባቴ ተሰደበ ማለት ነው። ሾፌሩ ሲሚንቶ ይጫን ቲማቲም፣ እኔ የምባል ሰው መኖሬን ይወቅ አይወቅ ጉዳዬ አይደለም፤ ጭራው ላይ ተለጥፌ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ መሪውን አንቄ፣ ኩርባው ላይ ደርቤ አልፈዋለሁ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። በ40 ፈንታ በ50 ብነዳ ኮምቦልቻ የምደርሰው 7 ደቂቃ ተኩል ቀድሜ ነው። ደርሼስ? ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስለዚያ አይሱዙ አንድ ሰዓት አወራሁ።

ባለፈው ጁምዓ እናቴን ይዤ ወረድኩ። ከጎኔ ሆና ዝም ብላ ተስቢሕ ትቆጥራለች። እናትህ ዱዓ እያደረገችልህ መንዳት እንዴት ደስ ይላል! ልቤ ሞልቶ ባጃጁንም፣ ጋሪውንም፣ መንገድ የምታቋርጠዋን ፍየልም በስድብ አዳረስኳቸው። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ «እማ፣ ዚክሩ ስንት ደረሰ?» አልኳት።

«የምን ዚክር? ያንተን ስድብ ነው የምቆጥረው ልጄ። 33ቱ ፍሬ ሐረጎን ሳንጨርስ አልቆ ሁለተኛ ዙር ላይ ነኝ» አለችኝ። ትንሽ አሰበችና ደግሞ፣ «ፍየሏን ልቁጠራት አልቁጠራት ግን ቸግሮኛል።»