መልሱን ለብሼው ቆሜ

ትላንት ማታ ነው። ቲቪ ላይ የጥያቄና መልስ ውድድር አለ፣ ተወዳዳሪዋ ከንፈሯን እየነከሰች ሁለት ምርጫ መሃል ቆማለች፣ ጋሼ ደግሞ ሶፋው ላይ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ይጠብቃሉ። ገርበብ የሚያደርጉት በምክንያት ነው። ጥርቅም አድርገው ከዘጉት መልሱ ሲወጣ ይዘገያሉ፣ ወለል አድርገው ከከፈቱት ደግሞ የሆነ ነገር መናገር ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ ገርበብ። "ለ" አረንጓዴ ሆኖ ሲበራ ግን "ለ! ብዬ ነበር እኮ! አላልኩም?" ብለው ዞሩ። ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰው አለ፣ የዞሩት ወደ እኔ ነው።

ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አንቱ ነው የምላቸው። አንቱ የሚባል ሰው ደግሞ "አላልኩም?" ሲል "አላሉም" አይባልም። "ብለዋል" አልኩ። በገዛ አፌ። ከዛ አልጋ ላይ ስገላበጥ አደርኩ፣ ይሄው ተነስቼ እየጻፍኩ ነው።

ነፍሴ የምትወደው ተረት አለ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አራት ቃል። አንድ ብትጨምርበት ይበላሻል፣ አንድ ብትቀንስ ይፈርሳል። ለጋሼ ልክ የተሰፋ መስሎኝ ስንት ጊዜ በሆዴ ተርቼባቸዋለሁ፣ ትላንት ሌሊት ግን ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ ሳስበው ውሻው ላይ ግፍ ተሰርቷል። ጅቡ እያለ ዝም ያለው እኮ ጅብ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ሲሄድ የጮኸውም ለጎረቤት ውሾች "አለሁ፣ ተርፌያለሁ" ሊል ይሆናል። ያ ውሻ ሲነጋ የተነከሰውን ውሻ ፈልጎ ሄዶ "አንተ ግን እንዴት ተነከስክ? እኔ ብሆን እኮ..." አላለም። ተረቱ ጋሼን አይገልጻቸውም ማለት ነው፣ ውሻው ይሻላል... አይ፣ ይሄን አላልኩም። አንቱ ናቸው።

የተነከስኩት እኔ ነኝ፣ ነገሩ እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እዛ መብራት ስር ቆሜያለሁ። የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ አልናገርም፣ የሚያውቅ ያውቃል፣ ጋሼ ደግሞ ያላወቀ እንዳይኖር እየሰሩ ነው።

ሶፋ ላይ ያለ ሰው የማያየውን ልንገራችሁ። ይዤ የሄድኩት ሸሚዝ ደቃቅ መስመር ስላለው ካሜራ ላይ ይርገበገባል ተባልኩና የማላውቀው ሰው ሸሚዝ አለበሱኝ፣ አንገቱ የጠበበ። የማይኩ ሽቦ በደረቴ ገብቶ በወገቤ ዞሮ ጀርባዬ ላይ ካለች ሳጥን ጋር ይገናኛል፣ ሳጥኗ እየቆየች ትሞቃለች። አንዲት ልጅ ፊቴን በፓውደር እየጠፈጠፈች "እንዳያልብህ" አለችኝ፣ እንዳያልብህ ተብሎ ያላላበው ሰው ካለ አሳዩኝ። ከካሜራው ጎን አንድ ሰውዬ ቆሟል፣ እጁን ሲያነሳ ህዝቡ ያጨበጭባል ሲያወርድ ፀጥ ይላል፣ ገና ስሜን ሳልናገር ተጨበጨበልኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ጠብቄ ነው ይሄ ሁሉ። ማታ ላይ ስሜን ጠይቀውኝ ትንሽ አሰብኩ።

ለመመለስ የሚጫኑት በተንስ? ሰው ውድድሩ የእውቀት ይመስለዋል። የአውራ ጣት ነው። አሜሪካኖቹ ጄፓርዲ የሚሉት ላይ አቅራቢው አንብቦ ሳይጨርስ የተጫነ ሰው ለሩብ ሰከንድ ይቆለፍበታል። ሩብ ሰከንድ! እዛ ሩብ ሰከንድ ውስጥ ሌላው ተጭኖ፣ መልሶ፣ ፈገግ ብሎ ጨርሷል፣ አንተ የሞተች በተን እየደበደብክ ነው። ጋሼ መልሱ ስክሪን ላይ ወጥቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሙዚቃ ተመቶለት እንኳን ሁለት ሰከንድ ይፈልጋሉ። ኬን ጄኒንግስ የሚባለው ሰውዬ እዛው ጄፓርዲ ላይ በፈረንጆቹ 2004 ሰባ አራት ጊዜ ተከታትሎ አሸንፎ ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰበሰበ በኋላ የወደቀው፣ የሰው ግብር የሚሞላ ድርጅት ስም ተጠይቆ የዕቃ አመላላሽ ድርጅት ጠርቶ ነው። 74ቱን ማን ያነሳለታል? እንደ ጋሼ ያለ አማች ቢኖረው ዕድሜ ልኩን ስለ ግብር ነበር የሚሰማው።

የኔ ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነበር፣ ከሰው ልጅ የአካል ክፍሎች በክብደት ትልቁ የትኛው ነው? ጉበት አልኩ። አትሳቁ፣ ከሆድ ዕቃው ትልቁ ጉበት ነው፣ የአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፣ ይሄን ቁጥር ሳይቀር አውቀዋለሁ። አቅራቢው በዛ በሚያባብለው ድምፁ "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። ይሄ ጥያቄ መከልከል አለበት። እርግጠኛ የነበረውን ያስጠረጥራል፣ ያልነበረውን እልህ ያስገባል። "ነኝ!" አልኩ፣ በእልህ። "መልሱን ከማስታወቂያ በኋላ" አለ። ቀረጻ ላይ እኮ ማስታወቂያ የለም፣ እንዲሁ ተገትረን ነው የምንጠብቀው፣ እሱ ውሃውን ጠጣ፣ ልጅቷ መጥታ ፊቴን እንደገና ለሰነችው፣ ሰውዬው እጁን አነሳ፣ ጭብጨባ፣ ከዛ ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ቆዳ።

ቆዳ! በሰው ሸሚዝ ውስጥ ላብ እያንጠፈጠፈ ያለው፣ ማይክ የተለጠፈበት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ፓውደር የተለሰነው። መልሱን ለብሼው እኮ ነው የቆምኩት። ሁለት ካሬ ሜትር የሚጠጋ መልስ!

ከዛን ቀን ወዲህ የጋሼ ሰላምታ "እህሳ፣ ቆዳህ ደህና ነው?" ሆነ። ተሰናብቼ ስወጣ "አንተ ልጅ፣ ቆዳህን እንዳትረሳ"። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ "እኔ እኮ ገና ጥያቄው ሳያልቅ ቆዳ ብያለሁ" ይላሉ፣ በዛ ምሽት አብረዋቸው ሲያዩ የነበሩት ሰዎች በሙሉ ደግሞ ጣሪያ ያያሉ። ባለቤቴን በምስጢር ጠይቄያታለሁ። ምን እንዳሉ ነግራኛለች። "ልብ" ነው ያሉት። ልብ! ግማሽ ኪሎ እንኳን የማይሞላ ነገር!

አንዳንዴ ልዋሽ ያምረኛል። አስገድደውኝ ነው ብል ምን አለበት? የሆነ ነገር ነው እኮ። በ1956 ትዌንቲ ዋን የሚባል የአሜሪካ ውድድር ላይ ኸርበርት ስቴምፕል አዘጋጆቹ ራሳቸው "አሁን ይበቃሃል፣ ተሸነፍ" ብለውት፣ አሳምሮ የሚያውቀውን የአንድ ፊልም ጥያቄ አውቆ ሳተ። ያሸነፈው ቻርለስ ቫን ዶረን መልሶቹ አስቀድመው ይሰጡት እንደነበር በ1959 ኮንግረስ ፊት አመነ፣ በዓመቱ ነገሩ በህግ ተከለከለ። እንግሊዝ ሀገር ደግሞ በ2001 ሻለቃ ቻርለስ ኢንግራም፣ ትክክለኛውን ምርጫ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰው እየሳለለት ሚሊዮን ፓውንድ ላይ ደረሰ፣ ገንዘቡ ሳይከፈለው ቀርቶ በ2003 እሱም ሚስቱም የሳለለትም ሰውዬ ተፈረደባቸው። እኔ ግን ማን አዘዘኝ፣ ማንስ ሳለልኝ? ጋሼን ታዳሚ መሃል ባስቀምጣቸውም መልሱ ከወጣ በኋላ ነበር የሚስሉልኝ።

ለነገሩ ይሄ በሽታ የጋሼ ብቻ አይደለም፣ መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ክፍል ለክፍል የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ሰባተኛ ክፍል ነኝ፣ የዓለም ትልቁ በረሃ ማነው ተባለ። አጠገቤ ለተቀመጠው ጓደኛዬ በጆሮው "አንታርክቲካ ነው" አልኩት፣ "አዎ አዎ በለው" አለኝ። አልኩት። አዳራሹ ፈነዳ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ፣ "በረዶ ላይ በረሃ?" አሉ፣ መልሱ ሰሃራ ነው አሉ፣ ወረቀታቸው ላይ እንደዛ ተጽፏል። በረሃ በሙቀት አይደለም እኮ የሚለካው፣ በዝናብ ነው፣ በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር በታች የሚያገኝ በረሃ ይባላል፣ አንታርክቲካ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሰሃራ 9። ይሄን ሁሉ ያኔ ማን ያስጨርሰኛል። እሺ፣ በአማርኛችን በረሃ ሲባል ሙቀት ነው፣ በረሃ ወርዶ በብርድ የተንዘፈዘፈ ሰው ወሬ ሰምቼ አላውቅም፣ ስለዚህ መምህሩ ግማሽ እውነት ነበራቸው ልበል። ግን የሳቸው ግማሽ እውነት ሙሉ ነጥብ ወሰደ፣ የኔው ጉበት ግማሽ እውነት ሆኖ ሳለ ዜሮ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ! ወረቀቱን የያዘ ሰው ምንጊዜም ልክ ነው፣ ወረቀቱን የጻፈው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ያ ጓደኛዬስ? ገና ሳቁ ሳያልቅ ለመላው ክፍል "ሰሃራ ነው ብዬው ነበር" አለ። እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ቅጽል ስሜ በረዶው ነበር። እሱን ልጅ ይቅር ብዬዋለሁ። አላልኩትም እንጂ።

ጅቡ ፊት ለፊቱ ቆሞ እያለ የጮኸ አንድ ሰው ነው የማውቀው። ጆን ካርፔንተር፣ 1999፣ የሚሊዮን ዶላሩ የአሜሪካ ውድድር፣ የመጨረሻው ጥያቄ። ስልክ ልደውል አለ፣ አባቱ ጋ ተደወለለት፣ እርዳታ አልፈልግም፣ ሚሊዮኑን ላሸንፍ ስለሆነ ልንገርህ ብዬ ነው አለ። መልሱ ገና አልተነገረም እኮ! ከዛ መለሰ፣ አሸነፈ። "ብዬ ነበር" ማለት መብቱ የሆነ ሰው በዓለም ላይ እሱ ነው።

እዚህ ድረስ ጽፌ ተነሳሁ፣ ቀኑ መሽቶ ያ ፕሮግራም ደግሞ ጀምሯል፣ ጋሼም ቦታቸውን ይዘዋል። ካርፔንተር አደፋፍሮኝ ነው መሰለኝ እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት አቀበልኳቸው። "ጋሼ፣ እንዲያው ለጨዋታው፣ መልሱ ሳይወጣ ይጻፉልኝ።" ትንሽ አዩኝ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። ጋሼ ግን "እንዴታ!" ብለው ተቀበሉ። ተወዳዳሪው ሁለቱን የተሳሳቱ ምርጫዎች አስወግዱልኝ ብሎ ሀ እና ለ ብቻ ቀርተዋል። ጋሼ አንድ ፊደል ጻፉ፣ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ደፉት። አፋቸው እንደልማዱ ገርበብ።

"ሀ" በራ።

ወረቀቱን አነሱ፣ አዩት፣ ከላይ ወደ ታች አዞሩት፣ ከዛ ለስድስታችንም ዘርግተው አሳዩን። ሀ ነው። ሁለቱን እግሮቹን ወደ ሰማይ የሰቀለ ሀ።

"ብዬ ነበር፣ አላልኩም?"

ባለቤቴ አየችኝ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።