«አይገባኝም» ብላችሁ አትቅሩ

ለንደን ውስጥ ብዙ ዓመት ኖረው ቴት ሞደርንን አንድ ቀን እንኳ ያልረገጡ ሀበሾች አውቃለሁ። ቴምዝ ወንዝ ዳር ያለው ትልቁ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ለምን ስላቸው መልሳቸው ያው ነው። «እሱ የፈረንጆች ነገር ነው፤ ደሞ አይገባኝም።» ይሄ መልስ ሁሌም ያሳዝነኛል። በሩ ክፍት ነው፤ ቋሚ ስብስቡን ለማየት ማንም ሳንቲም አይጠይቃችሁም።

ነፃ ነው ሲባል ደግሞ ምፅዋት አይደለም። ብሔራዊ ሙዚየሞቹን መንግሥት ይደጉማል። ሌሊቱን ሙሉ ቢሮ ስታጸዳ የምታድረው እህታችን፣ ታክሲ ነጂው፣ ነርሷ፣ የሁሉም ግብር እዚያ ውስጥ አለበት። ጊዜያዊ ኤግዚቢሽኖቹ ግን ያስከፍላሉ፤ ዋጋቸውም ኪስ ይጎዳል። ቴት ውስጥ ግን ከ16 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች በነፃ ተመዝግበው በ5 ፓውንድ መግባት ይችላሉ። ልጆች ያሏችሁ ይሄን ንገሯቸው።

በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቴት ሞደርን ወሰድኳት። ሕንፃው ድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው በ2000 ነው። ተርባይኖቹ የነበሩበት አዳራሽ ቁመቱ 35 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የኤል አናትሱይ ሥራ ተሰቅሎበት ነበር። ጋናዊ አርቲስት ነው፤ ብዙ ዕድሜውን የሠራው ግን ናይጄሪያ ውስጥ ነው።

ከሩቅ ስታዩት እንደ መርከብ ሸራ የተነፋ፣ ቀይና ወርቃማ ጨርቅ ነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቀስ እያለች ተጠጋች።

«ቆርኪ ነው እንዴ?»

«አዎ እማዬ፣ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ነው።»

«በምን ሰፉት?»

በቀጭን የመዳብ ሽቦ እንደሆነ ነገርኳት። እናቴ በልጅነቷ ሰፌድና መሶብ ስትሰፋ ነው ያደገችው። አንዱ ክዳን ተጨፍልቋል፣ አንዱ ታጥፏል፣ ሌላው እንደ ቀለበት ተጠምዝዟል። እሷ የምታየው መጋጠሚያውን ነበር። «ይሄ የአንድ ሰው እጅ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሰውዬው ከብዙ ረዳቶች ጋር ነው የሚሠራው። ግድግዳው ላይ ከተጻፈው አንድም መስመር አላነበበችም።

ቆርኪው የመጠጥ የሆነው ለምን እንደሆነ እኔ ነገርኳት። በባሪያ ንግድ ዘመን የአውሮፓ መርከቦች መጠጥ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ያመጡ ነበር። በመጠጡም ሰው እንደ ዕቃ ይለወጥ ነበር። ዝም ብላ ቆየች። «ሰውን በአረቄ?» አለች። ወደ ሌላ ክፍል አልሄድንም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጠን አንድ ሰዓት ያህል አየነው። ለእኔ ኤግዚቢሽን ማየት ይሄ ነው። ሁሉንም ክፍል ሮጦ፣ ሁሉንም በስልክ አንስቶ መውጣት ድካም ብቻ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። «የመቅደላን ዘውድ ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ጋ ሄጄ ምን ላይ?» ይላል። ቁጣው ቁጣዬ ነው። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ቅርሶች በ2018፣ በ150ኛው ዓመት፣ ለብቻ አዘጋጅቶ ሲያሳይ አይቻለሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነው የወጣሁት። መመለስ አለባቸው። ግን ዘውዱ በጦር ተወስዶ መጣ። የኢትዮጵያዊቷ ፎቶ አንሺ የአይዳ ሙሉነህ ፎቶዎች ግን በራሷ ፈቃድና በራሷ ስም ነው የመጡት።

አይዳ ዳሎል ሄዳ በ2018 ስለ ውሃ የሠራቻቸው ፎቶዎች በ2019 ሶመርሴት ሃውስ በሚባለው የለንደን የጥበብ ማዕከል በነፃ ታይተዋል። በ2023 ደግሞ ቴት ሞደርን 36 የፎቶና የቪዲዮ ሠሪዎችን ባሰባሰበበት የአፍሪካ ኤግዚቢሽን ላይ ሥራዋ ነበር። ውሃ የምትቀዳ ኢትዮጵያዊት በእርዳታ ማስታወቂያ ላይ ስንቴ አይተናል? ሁሌ የደከመች፣ ሁሌ የምታሳዝን። ይሄንንም ሥራ ያዘዘው የውሃ እርዳታ ድርጅት ነው። የአይዳ ሴቶች ግን ፊታቸው ቀለም ተቀብቶ፣ ደማቅ ልብስ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንገታቸውን አልደፉም። እዚያ ፊት ቆሜ አልቅሻለሁ።

ትልቁ ሙዚየም ካስፈራችሁ በትንሹ ጀምሩ። ኦክስፎርድ ስትሪት ለገበያ የማይሄድ የለም። ከጀርባው በ1971 የተመሠረተ፣ ለፎቶግራፍ ብቻ የቆመ፣ ፎቶግራፈርስ ጋለሪ የሚባል ጋለሪ አለ። ኬንሲንግተን ያለው የዲዛይን ሙዚየምም ለልጆች ይመቻል። ዲዛይን ማለት በየቀኑ የምናየው ነገር ነው። ለምሳሌ ትምህርት ቤት አካባቢ የምናየውን፣ ልጅቷ ትንሹን ልጅ እጁን ይዛ የምታሻግርበትን የመንገድ ምልክት የሠራችው ማርጋሬት ካልቨርት ናት። ልጅቷን የሳለችው ከራሷ የልጅነት ፎቶ ተነሥታ ነው። ይሄን የሰማ ልጅ በማግስቱ ምልክቱን ዝም ብሎ አያልፈውም።

እናቴ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ አንድ ቀን ደወለች። «ያ ቆርኪ አሁንም አለ?» አለችኝ። ሚያዝያ ላይ እንዳወረዱት ነገርኳት።

«እሺ፤ አሁን የሰቀሉትን ሄደሽ እይና ንገሪኝ።»