ማስተካከያ፦ የፕሮፌሰር መስፍን የረሃብ ጥናት ዘመን

ለደብረ ማርቆስ ተማሪዎች ባሰራጨነው ጽሑፍ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በገጠር ረሃብ ላይ የጻፉት መጽሐፍ «ከ1958 እስከ 1977 ዓ.ም.» ያለውን ዘመን ይሸፍናል ብለናል። ተሳስተናል። በመጽሐፉ ርእስ ላይ ያለው ዘመን እ.ኤ.አ. ነው፤ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ሲቀነስ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1970 ዓ.ም. ግድም ይሆናል። ስለዚህ የ66ቱ የወሎ እልቂት በጥናቱ ዘመን ውስጥ ነው። የ77ቱ ግን፣ ያ ብዙ ወሎዬ ያኔ ጎጃም ወደነበረው ፓዌ የሰፈረበት፣ የለበትም፤ ጽሑፋችንን ይዛችሁ «የ77ቱን አጥንቷል» ብላችሁ የጻፋችሁ እባካችሁ አርሙ።

1984ም ያሳስታል። መጽሐፉ የታተመው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ምሁሩ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉን) የመሠረቱት በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በመካከላቸው 7 ዓመት ያህል አለ።