ዘጠኝ መንግሥት በአንድ ማኪያቶ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ፈረንጅ አራዳ ካለ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ አገተኝ። የጅማ ዝናብ እንደ ገጠር ዘመድ ነው። ሳይጠራ ይመጣል፣ ቶሎም አይሄድ። ማኪያቶዬን አንድ ጊዜ ፉት እንዳልኩ አንድ ወጣት ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ አሜሪካ ያለችው የአክስትዎ ልጅ መጽሐፍ ላይ ነው አይደል የምትሠራው?»

የአክስቴ ልጅ የምትሠራው ላይብረሪ ውስጥ ነው። የተመለሱ መጻሕፍትን መደርደሪያ ላይ ትደረድራለች። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ተዘረጋ።

ካርታ! ገባችሁ አይደል? እናንተንም አንድ ቀን እንዲህ ይዘዋችኋል። ከንፈር መምጠጡን ትተን እነዚህን የምናብ ዓለም ካርታ ይዘው የሚዞሩ ደራሲዎቻችንን ዛሬ እናመስግናቸው። ልብ ወለዱን ሳይጽፉ መሸጥ የጀመሩ ጀግኖች ናቸው። ሌላው ዓለም ገና ጽፎ፣ ሰርዞ፣ ደልዞ፣ ከዚያ ገዢ ይፈልጋል። የእኛዎቹ ያን ሁሉ ድካም አስቀርተውታል።

«መጀመሪያ ዓለሙን ላስረዳዎት» አለ ባለ ካርታው። ዘጠኝ መንግሥታት አሉ። እያንዳንዱ መንግሥት ሦስት መሳፍንታዊ ቤት አለው። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ወራሽ አለው፤ አንዱ ሕጋዊ፣ አንዱ ዲቃላ። በሞባይሌ አሰላሁት፤ 54 ወራሽ። ሁሉም እርስ በርስ ሴራ ይሸርባሉ። የሰሜኑ ንጉሥ ዝ'ራክኖር ይባላል። መሃሉ ላይ ያለችው ጭረት ምን እንደሆነች ጠየቅሁት። «እሷ ጋ ትንፋሽ ይቆርጣሉ» አለኝ። ከሁለት መቶ በላይ ሆሄ ያለው ፊደላችን ለካ ጭረት ጎድሎት ኖሯል። ትንፋሼን ቆረጥኩ።

ቀጠለ። ዓመታቸው አሥራ አራት ወር ነው፤ የእኛ አሥራ ሦስት አንሶ ታይቶታል። ፈረሶቻቸው ስድስት እግር አላቸው። በእግር ቁጥር ግብር ይከፈልባቸዋል። አንድ ባላባት ግብር ለማምለጥ ሁለት ሁለቱን እግር ያስቆርጣል፤ የእርስ በርስ ጦርነቱም የሚነሳው ከዚህ ነው። የግምጃ ቤቱ ሹም ንጉሡን ሊመርዝ አስቧል። መርዙ የሚቀመመው በ40 ዓመት አንዴ ከምታብብ አበባ ነው። አበባዋ ባለፈው ዓመት አብባለች። ስለዚህ ሹሙ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «እስከ መቼ?» አልኩት። «ቅጽ አራት ላይ ታብባለች።» በዚህ መሃል ሹሙ ጡረታ ይወጣል፤ ሴራውን ለልጁ ያወርሳል። ልጁ ግን አበባ ሲሸተው የሚያስነጥስ ነው።

ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ሌላ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ስታመጣ ካርታውን አየት አድርጋ «ንግሥቲቱ ሞተች እንዴ?» አለችኝ። ገና አልተወለደችም አልኳት።

«እስካሁን ስንት ገጽ ጻፍክ?»

«ጭንቅላቴ ውስጥ አልቋል» አለኝ፤ ግንባሩን በጣቱ እየመታ።

በየትኛው ቋንቋ እንዳለቀ ጠየቅሁት። እሱን ኤጀንቱ ያስተረጉመዋል አለ።

ኤጀንት የሚለው ቃል ጅማ ውስጥ ሌላ ስሜት አለው። እናቱ «ፓስፖርቱ ወጣልህ?» ብለው ጠይቀውታል። አይ፣ የመጽሐፍ ደላላ ማለት ነው ሲላቸው ወዲያው ገባቸው። እንዲያውም ከልጃቸው በላይ ገብቷቸዋል። ኤጀንት መጽሐፉን ለአሳታሚ ያቀርባል። ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ፣ ለሌላ አገር አሳታሚ ሲሸጥ 20 በመቶ ይወስዳል። ካልተሸጠ ምንም የለም። እዚህ አገር ደራሲው ራሱ ተበድሮ ያሳትማል፣ ራሱም ተሸክሞ ይዞራል። ታዲያ ልጆቻችን በኤጀንት ቢያልሙ አይፈረድባቸውም።

የውጭ ኤጀንቶች ግን ግትሮች ናቸው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይላሉ፤ 300 ቃል ገደማ። ዋናው ሰውዬ ምን ይፈልጋል? ማን ይከለክለዋል? ካላገኘ ምን ያጣል? ከዚያ መጨረሻው የተነገረበት አጭር ማጠቃለያና የመጀመሪያዎቹ ገጾች። ልብ ወለድ ከሆነ ደግሞ ተጽፎ ያለቀ። ለጀማሪ የፋንታሲ (የምናብ ዓለም ልብ ወለድ) ደራሲ 100 ሺህ ቃል አካባቢ ይበቃል ይላሉ። 54 ወራሽ የት ሊገባ!

ባለ ካርታው ደብዳቤውን በሞባይሉ አሳየኝ። 11 ገጽ ነው። «ውድ ኤጀንቶች ሆይ» ይላል። ለ60 ሰው በአንድ ኢሜይል ተልኳል፤ የሁሉም አድራሻ ከላይ ተሰልፏል። ብዙዎቹ አባሪ አንከፍትም ብለው ይጽፋሉ፤ እሱ ካርታውን በአራት አባሪ ልኳል። መጨረሻውን አልነገራቸውም። «ይሰርቁኛላ!» አለኝ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሊደነቅ ይገባዋል። ያልተጻፈ መጽሐፍ መስረቅ ቀላል ሥራ አይደለም።

ሦስት ወር አለፈው። ከኤጀንቶቹ ብዙዎቹ በዚህን ያህል ሳምንት ካልመለስን አልፈለግነውም ማለት ነው ይላሉ። እሱ ግን «እያጠኑት ነው» ይላል።

አንዱ ብቻ መልሷል። በሦስት ሰዓት ውስጥ። «ድንቅ ሥራ» ብሎታል፣ ከዚያም የንባብ ክፍያ 200 ዶላር ጠይቋል። ልጁ ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ከፍሏል። ደረሰኙን በኩራት አሳየኝ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ያ ገንዘብ የእናቱ የቡና ገንዘብ ነው። ቀዩ ፍሬ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየተሮጠ ተሸፍኖ የመጣ ገንዘብ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ኤጀንት መጽሐፍህን ላንብብልህ ብሎ ሳንቲም አይጠይቅም። የጠየቀ ሌባ ነው። የሚያናድደኝ ግን ሌባው ብቻ አይደለም። ይህ ልጅ ካርታውን ሲያዞር ከረመ። ያየው ሁሉ «ይሄማ ፊልም ነው!» እያለ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ሂድና አንድ ምዕራፍ ጻፍ ያለው ሰው የለም። እኔም ሁለት ማኪያቶ ሙሉ አላልኩትም።

ዘግይቶም ቢሆን አንድ ነገር አልኩ። ጂሬን እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በባጃጅ ትደርሳለህ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ነገሡ። የምኒልክ ኃይል ሲገፋ እናታቸው ጉሚቲ «ገብር፣ አትዋጋ» ብለው መከሯቸው ይባላል። ገበሩ፤ አገራቸውንም ለብዙ ዓመታት አስተዳደሩ። አምስቱ የጊቤ መንግሥታትስ? ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ጎን ለጎን ተፋጠው ኖረዋል። በመካከላቸው ሞጋ የሚሉት ሰው የማይሰፍርበት መሬት ነበር፤ መግቢያው በኬላ ይጠበቃል። አንዲት እናት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ውሳኔ። 300 ቃል ይበቃዋል አልኩት።

በትሕትና አዳመጠኝ።

«እሱማ ታሪክ ነው ጋሼ። ደግሞ ፈረሶቻቸው አራት እግር ነው ያላቸው።»

ዝናቡ አባራ። ካርታውን አጥፎ የአክስቴን ልጅ ስልክ ተቀብሎኝ ሄደ። ሒሳቡን ስከፍል አስተናጋጇ መልሱን እየቆጠረች «ታዲያ መጨረሻ ላይ ማን ነገሠ?» አለችኝ።