ሃያ ባይት ምን አነሰው!

ሰሞኑን ከአንድ ማተሚያ በወጣ ደረሰኝ ላይ «ገብረመድኅ» የሚል ስም፣ ቀጥሎ ባዶ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ጋር የተጣበቀ ስልክ ቁጥር ታየ። ሌላው ይናደድ፤ እኛ ለስም ሃያ ባይት (የኮምፒውተር ማኅደር መስፈሪያ) መትረው እጃቸውን ያራገፉትን የሲ (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ሊቃውንት እናመሰግናለን።

ሒሳባቸው እንዴት ያምራል! ፊደልን በባይት በሚያስቀምጠው ደንብ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ሃያ ባይት ስድስት ፊደል ይይዛል፤ ሁለት ባይት ይተርፋል። ገብረመድኅን 21 ባይት ነውና «ን» ሁለት እጇ ገብቶ አንድ እጇ ውጭ ቀረ። የሲው ጽሑፍ ቀጂ ትእዛዝ ስትርኤንኮፒም ሃያ ቅዳ ሲሉት ሃያ ይቀዳል፤ ምንጩ ከረዘመ ጽሑፉ ማብቃቱን የምታመለክተውን መዝጊያ ዜሮ አያኖርም። ጥፋት የለበትም፤ በጥንቱ ዩኒክስ (የኮምፒውተር ሥርዓት) የፋይል ስም 14 ባይት ቋሚ ቦታ ነበረው፣ ከሞላ መዝጊያ አይሻም፤ እሱም የተሠራው ለዚያ ነው። ሊቃውንቱ ግን ያንኑ መዝጊያ የሌለው ስም ለአታሚው ትእዛዝ ለፕሪንትኤፍ ይሰጡታል፤ እሱም ዜሮ ፍለጋ ከስሙ ቀጥሎ የተቀመጠውን ስልክ አንብቦ ያልፋል።

ጥፋቱ የወላጆች ነው። ተክለሃይማኖት ብለው ሰየሙ፤ «ተክለሃይማ» ሆነ። ገብረእግዚአብሔር ያሉማ ፈጣሪን «እግዚ» አሰኙት። ከእንግዲህ ክርስትና የሚያነሳ ቄስ ፊደል ይቁጠር፤ ከስድስት ካለፈ ሕፃኑ ይመለስ። አርአያችን አበበ ነው፦ ዘጠኝ ባይት፣ የሙከራ ዳታ ሁሉ ባለቤት። እሱም ቢሆን ሰንጠረዥ ያጣምማል፤ ፕሪንትኤፍ ስፋትን በባይት ስለሚለካ በሃያ ፊደል ዓምድ 17 ክፍት ቦታ በሚያሻው ላይ 11 ብቻ ይሞላል።

ግን ሰው እኮ «ስምህ ከመታወቂያህ ጋር አይገጥምም» ተብሎ ከመስኮት ይመለሳል! ሥራ ፈትቶ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ! ለሃያ ፊደል 61 ባይት መመደብ ምን ይከብዳል? መቁረጥ ግድ ከሆነ፣ መቁረጫው ላይ ያለው ባይት «1» እና «0» በሆኑ ሁለት ቢቶች ከጀመረ (የፊደል መካከል ነው ማለት ነው) በ«10» የማይጀምር እስኪገኝ ወደኋላ መመለስና እዚያ ዜሮ ማኖር ነው። ቦታ ለክቶ የሚጽፈው ትእዛዝ ኤስኤንፕሪንትኤፍ የመለሰው ቁጥር ከቦታው መጠን እኩል ወይም በላይ ከሆነ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ማን ያየዋል?

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ስልክን በኢንት (ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር) ያስቀመጡልን አሉ፦ መነሻዋ ዜሮ ትጠፋለች፤ 251 ሲታከልበት ደግሞ የ32 ቢቱን ጣሪያ 2,147,483,647ን ጥሶ ይወጣል። ብርን በፍሎት (ትልቅ ቁጥር ላይ ዝርዝሩን የሚጥል ባለ 32 ቢት የነጥብ ቁጥር) የያዙት ግን ይበልጣሉ። ሒሳብዎ 16,777,216 ብር ሲደርስ አንድ አንድ ብር ሲጨምሩ ቢውሉ ያው 16,777,216 ነው። በሳንቲም ቆጥሮ በ64 ቢት ሙሉ ቁጥር መያዝ የፈሪ ሥራ ነዋ።