የትሬዛ ትንሽነት

«እንደ ሕፃናት ሁኑ» የሚለው ቃል ሲሰበክ ተግሣጹ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቀድሞውኑ አንገቱን በደፋ ምእመን ላይ ነው። ጌታ ግን ሕፃኑን በመካከል ያቆመው «በመንግሥተ ሰማያት ማን ይበልጣል?» እያሉ ለጠየቁት ደቀ መዛሙርቱ ነበር (ማቴ. 18)። በካቶሊካውያን ዘንድ የመንፈሳዊ ትንሽነት አስተማሪ የሆነችው ፈረንሳዊት መነኩሲት፣ የሊዝዩዋ ቅድስት ትሬዛም ትንሽነትን ከዝምታ ጋር አንድ አላደረገችም።

እ.ኤ.አ. በ1887 ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር ወደ ሮም ተሳለመች። ተሳላሚዎቹ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ሊዮን 13ኛ ፊት ቃል እንዳይተነፍሱ ቢነገራቸውም፣ እርሷ ተንበርክካ በ15 ዓመቷ ወደ ቀርሜሎስ ገዳም እንድትገባ እንዲፈቅዱላት ለመነች፤ አለቆችሽ የሚሉሽን አድርጊ ቢሏትም ዘቦቹ ደግፈው እስኪያነሷት ድረስ ከእግራቸው ሥር አልተነሣችም። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ገዳሙ ተቀበላት።

የቅድስናን ደረጃ በራሷ ጉልበት መውጣት እንደማትችል ባወቀች ጊዜ፣ በባለጸጎች ቤት የሚሠራውን አሳንሰር አሰበች፤ ለእርሷ አሳንሰሩ የኢየሱስ ክንዶች ናቸው፤ ስለዚህም ማደግ ሳይሆን ትንሽ ሆኖ መቅረት ያስፈልጋታል። ይህን ስንፍና ብሎ የሚነቅፍ ሰው በገዳሙ ውስጥ የሠራችውን ይመልከት። አንዲት በሽተኛ አሮጊት መነኩሲት በየማታው ከጸሎት ወደ መመገቢያ አዳራሽ የሚወስዳት ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ በቀላሉ የማትደሰት መሆኗን እያወቀች ትሬዛ ራሷ ሥራውን ጠይቃ ወሰደች፤ ፈጠነች፣ ዘገየች የሚለውን ወቀሳ ታግሣ ታደርሳትና ታስቀምጣት ነበር። የአሮጊቷ እጆች ዳቦ መቁረጥ እንደሚቸግራቸው ባየች ጊዜም ማንም ሳያዛት ቆርጣ ትሰጣት ጀመር።

ጽጌረዳ የታቀፈችበት ሥዕሏ፣ ውብ ቢሆንም፣ የሕይወቷን ጨለማ ይጋርዳል። ከ1896 ፋሲካ ጀምሮ በሳንባ ነቀርሳ በ24 ዓመቷ እስካረፈችበት እስከ 1897 መስከረም ድረስ፣ የመንግሥተ ሰማያት ነገር ከማጽናናት ይልቅ የሚያስጨንቃት ፈተና ሆኖባት ነበር። ሕፃናዊ መታመኗ እንግዲህ ከጣፋጭ ስሜት የመጣ አልነበረም፤ ምንም ሳይሰማት አምናለሁ ማለት ነበር። በ1997 ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የቤተ ክርስቲያን መምህርት ብለው የሰየሟትም ይህችን ትሬዛ ነው። በእርሷ ሥር ይሠለጥኑ የነበሩት ጀማሪ መነኮሳይትም ጥብቅ ናት ይሏት እንደነበር ራሷ ጽፋለች።