ደወሏን ሳትነኩ እንዳታልፉ

ባለፈው እሑድ አክስቴ አዲስ ስልክ ይዛ መጣች። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ በአማርኛ መጻፍ። «አንተ ተምረህ የለም እንዴ?» አለችኝ። ተምሬያለሁ፤ ይህን ግን አልተማርኩም። እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው ቱቶሪያል ከፈትኩ።

ርዕሱ «የአማርኛ ኪቦርድ በ1 ደቂቃ» ይላል። ርዝመቱ 18 ደቂቃ ነው። እንዲህ ያለ ለጋስ የት ይገኛል? አንድ ደቂቃ ብትጠይቁት 17 ይመርቅላችኋል።

መጀመሪያ አንበሳ አገሳ። ቀጥሎ እሳት። ከእሳቱ ውስጥ የቻናሉ ስም ወጣ፣ ዞረ፣ ፈነዳ። «ሰላም ሰላም ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?» አክስቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ሳብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር፣ ደወሏ። በ3ኛው ደቂቃ ዛሬ ምን እንደሚያስተምረን ነገረን። በ5ኛው የአማርኛ ኪቦርድ ለምን እንደሚጠቅም አብራራ፤ አማርኛ ለመጻፍ ነው አለ። ማስታወሻ ያዝኩ። በ7ኛው ባለፈው ሳምንት ለምን እንደጠፋ አስረዳ፤ ጉንፋን ይዞት ኖሯል። አክስቴ ፌጦ አዘዘችለት። ዩቲዩብ መሐል ላይ ማስታወቂያ የሚያስገባው ቪዲዮው ቢያንስ 8 ደቂቃ ሲሆን ነው፤ ጉንፋኑ እንጀራው ነው ማለት ነው። በ11ኛው ደቂቃ ስክሪኑ አናት ላይ መልእክት ብቅ አለ፤ «ስትመጣ ሽንኩርት ግዛ»። በቪዲዮው ውስጥ ግልጽ መመሪያ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

በ14ኛው ሴቲንግ ተከፈተ። ልባችን መታ። ጣቱ ተወርውሮ «ይሄን፣ ይሄን ነካ ነካ፣ አለቀ» አለ። የቱን? «የእኔ ቀድሞ ስለተጫነ አይታይም፤ በክፍል 2 እመለስበታለሁ።»

ቱቶር ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ጠባቂ፣ ሞግዚት ማለት ነው። ኦክስፎርድ ላይ ቱቶሪያል የሚሉት፣ አንድ ሁለት ተማሪ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ በጻፈው ነገር የሚሞገትበትን ሰዓት ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር የዋለውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ይነግራል፣ ይታረማል። ቤት ካልመታለት ይመለሳል። ላይክ አይጠየቅም። እኛ ግን፣ ምስጋና ይግባንና፣ ቃሉን አሰፋነው። ክሬም መሸጥ ቱቶሪያል ነው። ኩል እየተኳሉ የቀድሞ እጮኛን ማማትም ቱቶሪያል ነው።

ትምህርት ቤት ደግሞ ድሮ «ማጠናከሪያ» ይባል ነበር። ማጠናከሪያ የሚጠናከር ነገር ይፈልጋል፤ ያ ስላስቸገረ ይመስለኛል ስሙ የተቀየረው። ማክሰኞ እምቢ ያለ አልጀብራ ቅዳሜ በክፍያ ይገባል። ያው መምህር፣ ያው ሰሌዳ፣ ያው ጠመኔ። ተአምር ነው!

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። የማክሰኞውን ትምህርት አውቆ ቆርጦ ለቅዳሜ የሚያስቀምጥ ሰው እየሰረቀ ነው። ደመወዝ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ግን ዕዳውን እናቱ እንጀራ ሸጣ የምታሳድገው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከበር የሚመለሰው ልጅ ለምን ይከፍላል? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት እኛ ሰፈር የቱቶሪያል ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት የመብራት ምሰሶ አልነበረም።

ይቅርታ። ወደ ውዳሴዬ ልመለስ።

አክስቴን የገላገላት የጎረቤት ልጅ ነው። 3ኛ ክፍል ነው። ሴቲንግ፣ ላንጉጅ፣ አድ ኪቦርድ፣ አማርኛ። ደቂቃ አልሞላም፣ አንበሳም አላገሳም። አክስቴ ግን ትንሽ ቅር ያላት መሰለች። ቡናዋን ፉት ብላ «ያ ልጅስ ጉንፋኑ ተሻለው ይሆን?» አለች።

ክፍል 2 ወጥቷል። 24 ደቂቃ ነው። ቁጭ ብለን ከፈትነው።